ዝምታዬ የገዛው ማዘርቦርድ

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ፤ ይሄን የምጽፈው ይቅርታ ለመጠየቅ አይደለም። ከሚሴ ውስጥ ነገሩን የሰማ ሁሉ «አንቺ ልጅ፣ አርፈሽ ብትቀመጪ ምን ነበረበት?» ይለኛል። አርፌ ስቀመጥ ምን እንደሆነ ግን የጠየቀኝ የለም። ጉዱ ሁሉ የመጣው አርፌ በመቀመጤ ነው።

ዓይን አፋር ነኝ። ሰው ፊት ስቀርብ ጉንጬ የሚቀላ ዓይነት ብቻ አይደለሁም፤ ያማ ቀላሉ ነው። እኔ ባጃጅ ላይ «ወራጅ አለ» ማለት የሚያቅተኝ ነኝ። የምሳፈረው ሌላ ሰው በእኔ ሰፈር እንዲወርድ እየለመንኩ ነው። አንዱ ከወረደ ተከትዬው ሹልክ እላለሁ፤ ማንም ካልወረደ ዝም ብዬ እሄዳለሁ። ሹፌሩ የከተማው ጫፍ ላይ ዞር ብሎ «እህት፣ የት ነሽ?» ሲለኝ «እዚሁ ነው» እላለሁ። ወርጄ፣ እዚያ ጉዳይ ያለኝ መስዬ ጥቂት እራመድና፣ ባጃጁ ከዓይኔ ሲሰወር በእግሬ እመለሳለሁ። በዚህ ምክንያት ከሚሴን ከማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኞች በተሻለ አውቃታለሁ።

ዩኒቨርሲቲ ስንገባም የትምህርት ክፍል ምርጫ ላይ ከፊቴ የነበረችው ልጅ «ስነ ሕንፃ» አለች። እኔ ስጠየቅ ድምፄ አልወጣም። «አንቺም እንደሷ?» ተባልኩ፤ ራሴን ነቀነቅኩ። ይኸው የስነ ሕንፃ ምሩቅ ሆንኩ። ደግነቱ ወደድኩት። ዝም ብሎ የገባበትን ነገር የሚወድ ሰው ዕድለኛ ነው፤ እኔም ዕድሌን በዚያ የጨረስኩት ይመስለኛል።

ሥራዬ ቤት ሳይሠራ ማስጎብኘት ነው። ባለቤቱ መሠረት ሳያስቆፍር፣ ቤቱን ኮምፒውተር ላይ ሠርቼ በቪዲዮ አሳየዋለሁ። በሩ ይከፈታል፣ ሳሎን ይገባል፣ ደረጃ ይወጣል፣ ሰገነቱ ላይ ቆሞ የጨፋን ሜዳ ያያል። ከሰው ጋር ብዙ ማውራት ስለማይጠይቅ ለእኔ የተፈጠረ ሥራ ነው። ሰንበቴ ላይ መንገድ ዳር የእንግዳ ማረፊያ ሊሠሩ ያሰቡ አንድ ሐጂ ይህን ሰምተው ሥራውን ሰጡኝ። ሸሪኮቻቸው ለጁምዓ ይሰበሰባሉ፤ ቪዲዮው ለዚያ ቀን መድረስ አለበት። ካልደረሰ ሥራው እንደ እኔ ቤት በቪዲዮ ለሚያሳዩት ለደሴዎቹ ይሄዳል። ደሴዎቹ ከሄዱበት ደግሞ የሚመለስ ደንበኛ የለም፤ እኔም ከዚህ በኋላ ቤት የምሠራለት ሰው አላገኝም።

ኮምፒውተሬ ግን ቪዲዮውን እንደ ጥልፍ ነበር የሚሠራው። እያንዳንዷን ሥዕል ለየብቻ ነድፎ፣ አቅልሞ፣ ጥላዋን አስቦ፣ ከዚያ ደክሞት እስኪመስል ቆሞ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። በመሀል መብራት ሲጠፋ ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀመራል። ሐጂ በየጠዋቱ ይደውላሉ።

«አሰላሙ አለይኩም ልጄ። ገባሁ?»

«ወአለይኩም ሰላም ሐጂ። ገና በረንዳው ላይ ነዎት።»

«ትላንትም በረንዳው ላይ ነበርኩ እኮ!»

«አሁን ግን በሩ አጠገብ ደርሰዋል።»

«ሱብሃነላህ! በገዛ ቤቴ!»

መፍትሔው ምን እንደሆነ አውቅ ነበር። ፕሮሰሰሩ የኮምፒውተር አንጎል ነው። የእኔው ፕሮሰሰር ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ መሮጥ ከሚችሉት ወገን ነው፤ እንዲያ ማስሮጡን ኦቨርክሎክ ይሉታል። ነገር ግን አንጎል ብቻውን አይሮጥም። ሁሉ ነገር የሚሰካበትና ኃይል የሚያከፋፍለው ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ፣ መፍቀድ አለበት። የእኔ ማዘርቦርድ አይፈቅድም። ባጭሩ ኮምፒውተሬ እኔኑ ይመስል ነበር፤ አንጎሉ ሊሮጥ ይፈልጋል፣ የተቀመጠበት ቦታ «አርፈህ ተቀመጥ» ይለዋል።

ጠንቃቃ ሰው ስለሆንኩ ከመግዛቴ በፊት በኢንተርኔት ያልገባሁበት መድረክ የለም። አዋቂዎቹ ሁሉ የሚሉት አንድ ነው። ሰሌዳው ፍጥነት መቀየር የሚፈቅድ ዓይነት ይሁን፤ ለፕሮሰሰሩ ኃይል የሚያቀብሉት ክፍሎች ደግሞ በወፍራም የብረት ማቀዝቀዣ የተሸፈኑ ይሁኑ፤ ያለዚያ ግለው ይቃጠላሉ። ይህን የሚጽፉት ሰዎች ሹራብ ለብሰው ይመስለኛል። አንዱማ «ክፍልዎ ሞቃት ከሆነ መስኮት ይክፈቱ» ብሎ መክሯል። ወንድሜ፣ ከሚሴ መስኮት ስትከፍት እኮ ሙቀቱ ነው የሚገባው! እኛ አገር በቀትር ፍየል እንኳ ከጥላ አይወጣም። እናቴ ነገሩን ሳስረዳት ያለችኝም ይሄንኑ ነው፦ «በዚህ ሙቀት ሰው ሥራውን ይቀንሳል፣ አንቺ ማሽን ልታስሮጪ?»

ሆኖም ከዳዊት ሱቅ ሁለት ማዘርቦርዶች እንዳሉ በፎቶ አይቻለሁ። ዳዊት ዋናው መንገድ ላይ የሞባይልና የኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጥ ወጣት ነው። አንደኛው ማዘርቦርድ አዲስ፣ በመብራት ያሸበረቀ። ሁለተኛው ያገለገለ፣ አቧራ የጠጣ፣ ካርቶኑ የተቀደደ፣ ግን ማቀዝቀዣው እንደ ጡብ የወፈረ። የእኔ ያ ሁለተኛው ነው። ሄዶ «ያንን ስጠኝ» ማለት ብቻ ነው የቀረኝ። ማለት! ቀላል ታደርጉታላችሁ።

እናቴ ጭንቀቴን አይታ «ጋሼ ሰይድ ይሂድልሽ» አለች።

ጋሼ ሰይድ የእናቴ ወንድም ነው፤ ሰንበቴ የከብት ገበያ ላይ ከአፋር ወጥቶ የሚመጣውንና ከደጋ የሚነዳውን ሲያገናኝ ያረጀ ደላላ። በቤተሰባችን ያለ እሱ ዶሮ እንኳ አይገዛም። የከሚሴ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ያላወቀውንም ሰላምታው ያስተዋውቀዋል። ከቤታችን እስከ ዳዊት ሱቅ ድረስ «አካም ቡልታኒ!» ያላለው ግንድ የለም። የሰው ከብት፣ የከብት ልጅ፣ ዝናቡ፣ ሣሩ፣ ሁሉ ሳይጠየቅ አንድ እርምጃ አንራመድም። እኔ ከኋላው ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ እከተላለሁ።

ሱቁ በር ላይ ሁለት ሽማግሎች፣ አንዱ ከዘራውን ተደግፎ፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ። ሁሌም እዚያ ናቸው። ጋሼ ሰይድ ሰላም ብሏቸው ገባና፣ ዳዊት ሁለቱንም ሰሌዳ ባንኮኒው ላይ ሲያስቀምጥ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ዞራቸው። ገበያ ላይ ኮርማ እንደሚመረምር ሰው ነው የዞራቸው። ባንኮኒውን መዞር ስላልቻለ ዳዊትን ገፋ አድርጎ ከውስጥ በኩልም አያቸው።

«ዐይቡን ንገረኝ» አለ ባለ መብራቱን እየጠቆመ፤ የገበያ ሰው እንከንን ዐይብ ነው የሚለው።

«ምን ዐይብ አለው ጋሼ፤ አዲስ ነው፣ ካርቶኑ እንኳ አልተከፈተም ነበር።»

«በሬም ካርቶን የለውም፣ ዐይብ ግን አለው።»

ጎንበስ ብሎ መሰኪያዎቹን በጣቱ ዳሰሰ። «ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ኢንተለ ኮ» አለኝ። «ልጄ» ማለቱ ነው። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ዞሮ የተቀደደውን ካርቶን በሁለት ጣቱ አነሳ። «ይሄማ ድርቅ የመታው ነው። ማነው ከመንጋ የለየው? ምን ሆኖ ተሸጠ?»

ዳዊት ባለ መብራቱን ከኤሌክትሪክ አገናኘው። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ እንደገና ቀይ። ሽማግሎቹ ሳይቀሩ ከአግዳሚው ተነስተው መጡ። «ማሻአላህ» አሉ።

«ዋስህ ማነው?» አለ ጋሼ ሰይድ።

«ለማዘርቦርድ?»

«ሰንበቴ ገበያ ላይ ዋስ የሌለው ነገር የተሰረቀ ነው።»

በእኛ በኩል ከብት ያለ ዋስ አይሸጥም፤ ዋሱ ከብቱ የማን እንደሆነ፣ ይዋጋ አይዋጋ፣ ይራገጥ አይራገጥ መስክሮ ነው ገንዘብ እጅ የሚለውጠው። ለማዘርቦርድ ግን ዋስ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። ዳዊት ቢለምን ቢስቅ አልሆነለትም። በመጨረሻ ጎረቤቱን ልብስ ሰፊ ጠራ። ሰውየው መርፌ በጥርሱ እንደያዘ መጣና «ዳዊትን አውቀዋለሁ፤ ዕቃውን አላውቀውም» ብሎ ዋስ ሆኖ ተመለሰ።

ጋሼ ሰይድ ወደ እኔ ዞረ። «ይሄ ነው አይደል?» እጁ ባለ መብራቱ ላይ ነው።

አይደለም። ሊሆንም አይችልም። የዚህን ዓይነት ስም መድረኮቹ ላይ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ያበራል እንጂ ፍጥነት መቀየር አይፈቅድም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ዳዊት ያየኛል፣ ሽማግሎቹ ያዩኛል፣ ልብስ ሰፊው በበሩ አንገቱን አውጥቶ ያየኛል። ወለሉን አየሁ። ወለሉ ሴራሚክ ነው፤ ያንዱ ጥግ ተሰብሯል።

«ዝም አለች» አለ ባለ ከዘራው ሽማግሌ። «ተስማማች።»

እዚህ ላይ ላስረዳ። ኒካህ ሲታሰር ልጅቷ ትጠየቃለች፤ ሐፍረት ይዟት ዝም ካለች ዝምታዋ እንደ እሺታ ይቆጠራል። ደግ ሥርዓት ነው፣ አልከራከርም። ችግሩ ይሄ ሥርዓት ከኒካህ አምልጦ ገበያ መግባቱ ነው። ዓይኔን ከወለሉ ሳላነሳ እጆች ሁሉ ወደ ላይ ተዘርግተዋል፤ ባለ ከዘራው ዱአ ያደርጋል፦ «በረካ ይሁን፣ የሚያጠግብ ይሁን፣ ዓይን አይግባበት!» «አሚን!» የእኔም እጅ ተዘርግቶ ነበር። ለገዛ ሽንፈቴ አሚን ብያለሁ። በልቤ ቢሆንም ብያለሁ።

ቤት ገብቼ ገጠምኩት፤ ምን ላድርግ፣ ዱአ ተደርጎበታል። ሲበራ ቤታችን ሰርግ ቤት መሰለ። እናቴ አምፖሉን አጥፍታ ጎረቤቶቿን ጠራች። «ይሄ ነው እንግዲህ ኮምፒውተር! ያኛው ሬሳ ነበር እኮ።» ሴቶቹ ፍራሽ ላይ ተደርድረው ቀዩ ሲመጣ «ውይ»፣ አረንጓዴው ሲመጣ «ውይ ውይ» ይላሉ። እኔ ስክሪኑን አየዋለሁ። ፍጥነት የሚለው መስመር ደብዝዞ ተቀምጧል። ብጫነው አይነቃነቅም፣ ባልጫነው አይነቃነቅም። ዕቃው ለዓይን እንጂ ለጉልበት አልተሠራም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሐጂ ደወሉ። «ዛሬስ?»

«በሩ ተከፍቷል ሐጂ።»

«አልሀምዱሊላህ! ውስጡ እንዴት ነው?»

«እሱ... ገና አልታየም። ጫማዎን እያወለቁ ነው።»

ሐጂ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። የእሳቸው ዝምታ እሺታ እንዳልሆነ ገብቶኛል። «ልጄ፣ ለጁምዓ ካልገባሁ ደሴዎቹን እጠራለሁ» ብለው ዘጉ።

ይሄም አልበቃ። እናቴ ምሳ እያቀረበች እንደ ዋዛ «አጎትሽ መሥሪያ ቤት አነጋግሮልሻል፤ ጸሐፊ ይፈልጋሉ። ተስማምታለች ብዬዋለሁ» አለችኝ።

«መቼ ተጠየቅኩ?»

«ትላንት፣ ስትበዪ። ዝም አልሽ።»

«ጎርሼ እኮ ነው!»

«እንግዲህ ዝም ብለሻል።»

እዚያ ላይ አንድ ነገር በውስጤ ተላቀቀ። ጉርሻዬ እንኳ እሺ እያለ ነው! በዚህ አያያዝ ሲተኛ የሚዳር ሰው ነኝ። ተነሳሁ፤ ማዘርቦርዱን ነቅዬ ካርቶኑ ውስጥ መለስኩት። መስታወት ፊት ቆሜ «ይቀየርልኝ» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። «ይቀየርልኝ!» እናቴ ከጓዳ «ምኑ?» አለች። መልስ ሳልሰጥ ወጣሁ።

ባጃጅ ላይ «ይቀየርልኝ፣ ይቀየርልኝ» ስል የዳዊት ሱቅ አለፈ። ጫፍ ድረስ ሄድኩ፤ «እዚሁ ነው» ብዬ ወረድኩ። ማዘርቦርዱን ታቅፌ በዚያ ፀሐይ በእግሬ ተመለስኩ። ሱቁ ጋ ስደርስ አለፍኩት። ዞሬ መጣሁ፤ እንደገና አለፍኩት። ባለ ከዘራው ሽማግሌ ለጓደኛው «ይቺ ልጅ መንገዱን እየለካች ነው እንዴ?» ሲል ሰማሁ። ይባስ ብሎ ጋሼ ሰይድም ከመሀላቸው ተቀምጧል፤ ከዚያን ቀን ወዲህ አግዳሚው ላይ ቦታ ይዟል። መመለስ አማረኝ። ግን መመለስ ማለት በእግሬ እስከ ቤት፣ ከቤት ደግሞ እስከ ጸሐፊነት ነው።

ገባሁ። ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ።

«አልተስማማሁም» አልኩ።

ጋሼ ሰይድ ከውጭ አንገቱን አስገባ። «ምኑን ነው ያልተስማማሽው?»

«ያን ቀን። ዝም አልኩ እንጂ አልተስማማሁም።»

«አስተግፊሩላህ! ዱአ ተደርጎበታል!» አለ ባለ ከዘራው፣ እየገባ። «የልጃገረድ ዝምታ እሺታ ነው።»

«እሱ ለኒካህ ነው አባባ» አልኩት። «እኔ ማዘርቦርድ ላገባ አልመጣሁም።»

ቃሉ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። በበሩ አንገቱን ያስገባው ልብስ ሰፊ ሲስቅ መርፌው ከአፉ ወደቀ፤ መርፌ ፍለጋ ሁሉም ለአፍታ ወለል ወለሉን ሲያይ ትንፋሽ አገኘሁ። ሌላውን ሁሉ ያኔ ተናገርኩ፤ ሰሌዳው ለምን እንደማይፈቅድ፣ ያ አቧራማው ለምን እንደሚፈቅድ፣ ማቀዝቀዣው ለምን መወፈር እንዳለበት፣ ሐጂ ስንት ጠዋት በረንዳ ላይ እንደቆሙ። ጸሐፊነቱንም ጨመርኩበት፤ «እሱንም አልተስማማሁም» አልኩ፣ ለዳዊት። ዳዊትን ምን አገባው? ግን አንዴ የተከፈተ አፍ በር አይመርጥም።

ጋሼ ሰይድ ዳዊትን አየው። «ይሮጣል አላልከኝም?»

«እኔ መች ይሮጣል አልኩ ጋሼ? ያበራል ነው ያልኩት። ዋሽቼ ከሆነ ይኸው ዋሴ።» ልብስ ሰፊው ጭንቅላቱን ወደ ገዛ ሱቁ ሰበሰበ። «አሁን ያን ያገለገለውን በልዋጭ ልስጣት። ግን ከአቅሙ በላይ ላስሮጠው ነው የምትለው። ነገ ቢነድ ተመልሳ ትመጣብኛለች። እና...» ዳዊት ፈገግ አለ፤ ለዚህ ቀን ሲጠብቅ የቆየ ይመስላል። «ዋስ ታምጣ።»

ሁሉም ወደ ጋሼ ሰይድ ዞሩ። አጎቴን በሰው ፊት አሳፍሬዋለሁ፤ ምርጫውን ጥያለሁ፣ ያፈላለገልኝን ሥራ ጥያለሁ። ሰንበቴ ላይ ቃሉ ዋስ የሆነ ሰው ነው። ጥሎኝ ቢወጣ ይገባዋል። ደግሜ ግን እላለሁ፤ ቢወጣም ይቅርታ አልጠይቅም ነበር። እንዲያውም ልብስ ሰፊውን ዋስ እንዲሆነኝ ለመጠየቅ አስቤ ነበር።

ጋሼ ሰይድ ኮፍያውን አስተካከለ፤ ገበያ ላይ የሚቆመውን አቋቋም ቆመ። «ዋሷ እኔ ነኝ» አለ። «የእህቴ ልጅ ናት፣ የትም የተሰረቀች አይደለችም። አትዋጋም። አትራገጥም። እስካሁን አትራገጥም። የያዘችውን አትለቅም። ግን እኔ ዐይብ ደብቄ ዋስ ሆኜ አላውቅም፤ ስለዚህ ዐይቧን ስሙ።» ወደ ባለ ከዘራው ዞረ። «ዝም ትላለች። ዝም ስትል ተስማማች ብሎ የሚዋዋል፣ እንደ እኔ ይሸወዳል። አበቃሁ።»

«ዱጋዳ» አለ ሁለተኛው ሽማግሌ፤ እውነት ነው ማለቱ ነው። ያ ሰውዬ ሲናገር የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

ዱአው እንደገና ይደረግ ተባለ። «ቆይ» አለ ባለ ከዘራው፣ እጁን ዘርግቶ፣ እኔን እያየ። «ይሄኛው ነው?»

«አዎ።»

«ጮክ በይ፣ ጆሮዬ ደክሟል።»

«አዎ!»

«አሚን።»

አቧራማው ማዘርቦርድ ቤታችን ገባ። እናቴ እስከ ዛሬ ስለ መብራቱ ታዝናለች፤ ጎረቤቶቿም ይሄኛውን አንዴ አይተው «ነፍስ ይማር» ብለው ሄዱ። እኔ ግን ፍጥነቱን ትንሽ ጨምሬ፣ አይቼ፣ ሙቀቱን ለክቼ፣ እንደገና ትንሽ ጨምሬ፣ እንደ ጠንቃቃ ሰው አስሮጥኩት። ሲግል የቤቱን ማራገቢያ አዞርኩለት። እናቴ በላብ ተጠምቃ «እኔስ?» አለች። «እስከ ጁምዓ ታገሺ» አልኳት። ደፍሬ።

ሐሙስ ጠዋት ስልኩን ቀድሜ የደወልኩት እኔ ነኝ። «ሐጂ፣ ገብተዋል። ሳሎን ውስጥ ነዎት። ደረጃውንም ወጥተዋል።»

ቪዲዮውን ወስጄ አሳየኋቸው። ሰገነቱ ላይ ቆመው የጨፋን ሜዳ ሲያዩ እንባ የመጣባቸው መሰለኝ፤ ከዚያ «ደረጃው በግራ ቢሆንስ?» አሉኝ። ሥራው የእኔ ነው ማለት ነው። ደሴዎቹ ደሴ ይቀመጡ።

በዚያ ቀን በባጃጅ ወደ ቤቴ ስመለስ ማንም በእኔ ሰፈር የሚወርድ አልነበረም። አፌን ከፈትኩ።

«ወራጅ አለ!»

ሹፌሩ ደንግጦ ፍሬኑን ረገጠ። አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ የያዘችው ዶሮ ጮኸች። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ወደ ውጭ ሳይ ሰፈሬ ገና ነው፤ ብዙ ይቀራል። ቸኩዬ ነው የጮኽኩት።

«እዚህ ነሽ?» አለኝ ሹፌሩ።

ተናግሬያለሁ እኮ። ወረድኩ። የቀረውን በእግሬ፣ በመንገዱ መሀል ሄድኩ።